በጎማ ላይ የተሠራ ቤት



አባቶቻችን ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ስንቃቸውን በስልቻ፣ ድንኳናቸውን በበቅሎ ጀርባ አስጭነው ይጓዙ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን መኝታውንና ምድጃውን በመኪና ውስጥ አሰናድተው ከአገር ወደ አገር ስለሚዞሩ ሰዎች ነው። እነርሱንም ያየኋቸው በሥራ ምክንያት ከነቤተ ሰቤ በተቀመጥሁባት በካርቱም ከተማ ነው።

በካርቱም፣ በጥቁር ዓባይ ዳር፣ የጀልባ ክበብ ነበረ። ከካይሮ ተነሥተው እስከ ደቡብ አፍሪካ በመኪና የሚጓዙ አገር ጎብኚዎች ለብዙ ዓመታት በዚያ ያርፉ ነበር። በክበቡ ግቢ «መሊክ» የምትባል አሮጌ መርከብ ትታይ ነበር፤ ትርጓሜውም ንጉሥ ማለት ነው። ይህች መርከብ በእንግሊዝ አገር ተሠርታ፣ ተፈታትታ በባቡር ከመጣች በኋላ እንደ ገና ተገጣጥማ፣ በ1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን አጠገብ በተደረገው ጦርነት የኸሊፋውን ሠራዊት በመድፍ የደበደበች ናት። በኋላ ግን መድፏ ቀርቶ የክበቡ ቤት ሆነች። ታላቅ ጎርፍም አንሥቶ ከውኃው ወደ የብሱ አወጣት። ለጦር የተሠራችው መርከብ ለዕረፍትና ለጨዋታ ዋለች ማለት ነው።

ዓርብ ዓርብ ልጆቼን ይዤ ወደዚያ ስሄድ፣ በመርከቢቱ አጠገብ የቆሙትን ተሽከርካሪ ቤቶች እናይ ነበር። አንደኛው በጣራው ላይ ድንኳን የተዘረጋበት፣ ወደ መኝታው በመሰላል የሚወጡበት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረ። ሁለተኛው ኡኒሞግ የተባለው የጀርመን መኪና ነው፤ ይህ ዐይነት መኪና በመጀመሪያ የታሰበው ለገበሬ ሥራ ነበረ፤ የዚህኛው ባለቤት ግን በላዩ መስኮት ያለው ሣጥን መሳይ ቤት አሠርቶበታል። ሦስተኛውም አሮጌ የቮልስዋገን አውቶቡስ ነበረ። የዚህ መኪና ሞተር በስተኋላ የተቀመጠና በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ፣ ውኃ በማይገኝበት በረሃ ለራዲያተር የሚሆን ውኃ ፍለጋ የለበትም።

የቮልስዋገኑ ባለቤቶች በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሻይ እንድንጠጣ ጋበዙን። ባለቤቴ በቤቲቱ ጥበት ተደንቃ፣ «ለመሆኑ የቤት ዕቃዎን ሁሉ የት ያኖሩታል?» ብላ ሴትዮዋን ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ አንድ ወር ሙሉ እጃችን ያልነካው ዕቃ ከመኪናው ይወርዳል። ውኃ፣ መድኃኒትና የመኪና መፍቻ ግን ባይነኩም አይወርዱም» ሲሉ መለሱላት። በመንገድ ላይ ሳለን በዚህ ነገር ብዙ ሳቅን።

እንዲህ ያለው ጉዞ አሁን የተጀመረ አይደለም። ኮርት ትሪት የተባሉት እንግሊዛዊ ሻለቃና ባለቤታቸው ስቴላ ክሮስሊ በሚባሉ ሁለት መኪናዎች በመስከረም 1917 ዓ.ም. ከኬፕታውን ተነሥተው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣ በጥር 1918 ዓ.ም. ካይሮ ገብተዋል። መንገድ ያልተጠረገበትን አገርና ድልድይ የሌለውን ወንዝ ለማለፍ ዐሥራ ስድስት ወር ፈጀባቸው። በአገራችንም ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ማምጣቱ ይታወሳል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ዕለቱ ቅዳም ሥዑር ነበረ፤ እኛም ለፋሲካ እንሰናዳ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ከተማዪቱን ለቅቀን ለመሄድ ስንቈርጥ፣ ባለቤቴ በዕቃው መካከል ቆማ ስታመነታ ቆየችና፣ «የዚያችን ባልቴት ሕግ እንከተል» አለች። ምንጣፉ፣ ሳሕኑ፣ የክት ልብሱ ቀረ። የልጆቹ የልደት ወረቀት፣ መድኃኒቱና ውኃው ተያዘ። ጀበናውን ተይው ብላት፣ «ይህ በየቀኑ የሚነካ ዕቃ ነው» ብላ እንቢ አለችኝ።

እስከ ገዳሪፍ በአውቶቡስ ሄድን። ከዚያ እስከ ገላባት ግን የወሰደን የእንጨት አካሉ ባለ ቀለም የሆነ አሮጌ የቤድፎርድ ሎሪ ነበረ። በላዩ ብዙ ቤተ ሰብ ተጭኗል። ቀትር ሲሆን ሾፌሩ ሸራ ወጥሮ ጥላ ሠራልን፤ ረዳቱም በሎሪው ሥር እሳት አነደደ። ባለቤቴ ጀበናዋን አውጥታ፣ ስማቸውን እንኳ ለማናውቃቸው ሰዎች ቡና አፈላች። ልጆቹም በጓዙ መካከል ተኙ። ለጭነት የተሠራው ሎሪ በዚያች ሰዓት ቤት ሆነን።

መንገዱ እነዚያ አገር ጎብኚዎች በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይሄዱበት የነበረው ነው። እነርሱ ግን ሲደክማቸው የሚመለሱበት፣ ቈልፈው የተዉት ቤት ነበራቸው፤ የእኛን ቤት ቍልፍ ይዤው ብመጣም የሚከፍተው በር እንዳለ አላውቅም። ለደስታ በሚጓዝና ተገዶ በሚሰደድ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው እንጂ፣ በመኪናው ማማርና ማርጀት አይደለም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ዋና ዋና ወረቀታችሁንና መድኃኒታችሁን ቶሎ በሚነሣ በአንድ ስፍራ አኑሩ። ደግሞም በደጃችሁ መንገደኛ ያረፈ እንደ ሆነ፣ ጐብኚም ይሁን ስደተኛ፣ አንድ ስኒ ቡና አትንፈጉት። ቤቱን በጎማ ላይ ያደረገ ሰው ያለ ጎረቤት ነውና፣ ለዚያች ሌሊት ጎረቤቱ እናንተ ናችሁ።