«ፎርማት አድርጉት» ለሚሉን መልስ

በማኅበራችን ክፍል ባለው ኮምፒዩተር ላይ የደረሰው ነገር ብዙ ስላስወራ ሐሳባችንን ለመግለጽ ተገደናል። እንደሚታወቀው ጓደኞቻችን ከላሊበላ ወጣ ብሎ ካለው ከገነተ ማርያም ለክተውና ፎቶግራፍ አንሥተው ያመጡት ሥራ የሚገኘው በዚሁ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው።

ከመካከላችን አንዱ የዲስኩን ቦታ አስለቅቃለሁ ብሎ የማያስፈልግ የመሰለውን ሲያጠፋ ዲፒኬጂን ጨምሮ አጠፋው። ዲፒኬጂ በደቢያንና በኡቡንቱ ላይ ሌሎቹን ፕሮግራሞች የሚጭነውና የሚያነሣው ፕሮግራም ነው። ኮምፒዩተሩ ዝም ብሎ አልታዘዘም፤ «አዎን፤ ያልሁህን አድርግ» የሚል ሐረግ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ጠየቀው። እርሱም ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ የሚበዛው ሰው የሰጠን ምክር አንድ ነበር፤ «ፎርማት አድርጋችሁ እንደገና ጫኑት»። እኛ ይህን ምክር አንቀበለውም። ሰነዱን አስቀድሞ በፍላሽ መገልበጥ ይቻላል፤ ገልብጠናልም። ነገር ግን ለሥራው የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ሁሉ እንደገና ከኢንተርኔት ሊወርዱ ነው፤ ተማሪውም ከስሕተቱ አንዳች አይማርም።

በእውነቱ የጠፋው ጥቂት ነበር። ከርነሉ ይሠራል፤ ምን ምን እንደ ተጫነ የሚናገረው መዝገብም ሳይነካ በቦታው አለ። ግምጃ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ጠባቂው ብቻ የጠፋ ያህል ነው። የደቢያን ፓኬጅም ቢሆን ምስጢር የለውም። ኤአር በተባለው መሣሪያ የታሰረ ጥቅል ሲሆን በውስጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም የአሠራሩ እትም ቁጥር፣ ስለ ፓኬጁ የሚገልጸው ክፍልና ፕሮግራሙ ራሱ ናቸው።

ስለዚህ ያንኑ የኡቡንቱ እትም በያዘ ሌላ ኮምፒዩተር የዲፒኬጂን ፓኬጅ አወረድን። የተበላሸውን ኮምፒዩተር በኡቡንቱ ፍላሽ አስነሥተን ፓኬጁን በዲስኩ ላይ ፈታነው። ከዚያም በራሱ ዲስክ አስነሥተን ያንኑ ፓኬጅ በተመለሰው ዲፒኬጂ ዳግመኛ ጫንነው፤ ይህ ካልተደረገ ፕሮግራሙ ቢሠራም በመዝገቡ ላይ በትክክል አይሰፍርም። ሥራው ከሰዓት በኋላ ተጀምሮ ሳይመሽ አለቀ።

ነገር ግን ያን ዕለት መስመር ባይኖርስ ኖሮ? ይህ የሩቅ ሥጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ ምክንያት ላሊበላ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ቆይታለች። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ትንሽ ፓኬጅ ማጣት ኮምፒዩተሩን እንዳለ ማጣት ይሆናል።

ገነተ ማርያም በይኩኖ አምላክ ዘመን፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 ባለው ጊዜ፣ ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለች ናት። ጠራቢው በስሕተት የፈለጠውን ዓምድ መልሶ ሊያቆመው አይችልም ነበርና ከመምታቱ በፊት ማሰብ ግዴታው ነበር። እኛ ግን የጠፋውን መመለስ እንችላለን፤ የምንችለውም ቅጂ ካስቀመጥን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፥ ቤተ መጻሕፍቱ የምንጠቀምባቸውን ፓኬጆች በአንድ ዲስክ አከማችቶ በየጊዜው ያድስ። ሁለተኛ፥ በየክፍሉ አንድ የማስነሻ ፍላሽ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ መምህራኖቻችን አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሆን ብለን አበላሽተን እንድናድነው ይፍቀዱልን። ይህን ስንል ማንንም ለመንቀፍ አይደለም። እኛም ተማሪዎች ያላነበብነውን ትእዛዝ ላለመጻፍ ቃል እንግባ።