የካርዱ ጀርባ

ሰሞኑን ከፍራንክፈርት ለዕረፍት የመጣ የድሮ ወዳጄ ቤቴ ጎራ ብሎ፣ ቡና እየጠጣን አንድ ወፍራም አልበም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። የልጆቹ ፎቶ መስሎኝ መነጽሬን አደረግሁ። የለም! በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ የጀርመን አብራሪዎች ፖስትካርዶች ናቸው። «የሳንከ ካርዶች እኮ ናቸው!» አለኝ፣ የታቦት ስም እንደሚጠራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቪሊ ሳንከ የታወቁ አብራሪዎችን ፎቶ በተራ ቁጥር እያተመ ይሸጥ የነበረ የበርሊን አሳታሚ ነው።

ካርዶቹ ያምራሉ፤ አልዋሽም። ኢመልማን፣ ቦልከ፣ «ቀዩ ባሮን» የሚባለው ሪክትሆፈን። የደንብ ልብሳቸው አልተጨማደደም፤ አንገታቸው ላይ ኒሻን ተንጠልጥሏል። ሦስቱም የሞቱት በ25 ዓመታቸው ነው። ወዳጄ ግን ይህን አላነሳልኝም። «ሪክትሆፈን 80 አውሮፕላን ጥሏል፤ ቦልከ 40» ይለኛል፣ ልክ የኮከብ ግብ አግቢዎችን ሰንጠረዥ እንደሚያነብ የስፖርት ጋዜጠኛ።

የእኔ ጠብ እዚህ ላይ ይጀምራል። አሮጌ ወረቀት መሰብሰብ ነውር አይደለም፤ ሰብሳቢ ባይኖር ስንቱ ታሪክ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ በቀረ! ጠቤ ፊቱን ይዘው ታሪኩን ከሚጥሉት ጋር ነው። ምሽግ ውስጥ ሰው በጭቃና በጋዝ በሺህ እየረገፈ ስም አልባ ሆኖ ሲቀር፣ ጦርነቱን የሚያስወድድ አንድ የሚያምር ፊት ያስፈልግ ነበር። ፊቱ ተገኘ፤ ታተመ፤ ተሸጠ።

ሪክትሆፈን አውሮፕላን በጣለ ቁጥር በርሊን ከሚገኝ አንጥረኛ ትንሽ የብር ዋንጫ ያሠራ ነበር። 60 ላይ የቆመው ብሩ ስለጠፋ እንጂ «በቃኝ» ብሎ አይደለም። የመጀመሪያው ዋንጫ ላይ የተቀረጸው ተራ ቁጥሩ፣ የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ «2» የምትል አኃዝና ቀኑ ነው፤ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.። «2» ምን መሰለቻችሁ? ሁለት ሰዎች ናት። ላዮኔል ሞሪስና ቶም ሪስ የሚባሉ እንግሊዝ ያሰለፈቻቸው ወጣቶች። ሞሪስ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ዋንጫው ላይ ስማቸው የለም። ዛሬ የዚያ ዋንጫ አምሳያ ይሸጣል፤ ወዳጄም አንድ አለው።

«አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ፖለቲካ ታደርገዋለህ፤ እኔ የምወደው አውሮፕላኑን ነው» አለኝ።

አልበሙን ገለጥኩ። ሄርማን ጎሪንግ! በ1918 የሪክትሆፈንን ክፍል የመራ፣ ሸንቃጣ ጎረምሳ። ኋላ የሂትለር አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ይኸው ሰው ነው፤ ጌርኒካን በ1937፣ ዋርሶን በ1939፣ ሮተርዳምን በ1940 በቦምብ ያጋየው ኃይል። መጨረሻው ገጽ ላይ ጅራታቸው ላይ ስዋስቲካ የተቀባ አውሮፕላኖች አሉ። ጀርመን ለትምህርት፣ ለምርምርና ለመሳሰለው ካልሆነ በቀር ይህን ምልክት በአደባባይ ማሳየትን በሕግ ስለከለከለች፣ ሻጩ ለማስታወቂያ ሲያቀርበው በቁራጭ ወረቀት ሸፍኖት ነበር አሉ። «አውሮፕላኑን ብቻ» ማለት እንግዲህ ያቺው ቁራጭ ወረቀት ናት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ኢትዮጵያ ላይ ቦምብ ሲጥል ከርሞ፣ በ1937 ባሳተመው መጽሐፍ ሥራውን እንደ መዝናኛ አድርጎ ተርኮታል። የጣሊያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ ያዘነቡብንም በዚያው ጦርነት ነው። «የቪቶሪዮ ካርድ ብታገኝ፣ ደንብ ልብሱን ግጥም አድርጎ የተነሳውን፣ አልበምህ ውስጥ ታስገባዋለህ? ‹የምወደው አውሮፕላኑን ነው› ትለኛለህ?»

ወዳጄ ቡናውን አማሰለ። ስኳር እንኳ አልጨመረበትም ነበር።

«እሱማ ይለያል» አለኝ በመጨረሻ።

የሚለየው የሞተው የእኛ ሰው ስለሆነ ብቻ ነው።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለተማሪዎቼ «ማን እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳይናገር እንደተደረገም ጠይቁ» እላቸው ነበር። ፖስትካርድ ሁለት ገጽ አለው፤ አልበም ፊቱን አሳይቶ ጀርባውን ይደብቃል። ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ሰብስቡ! ነገር ግን ካርዱን ገልብጡት። ከ«80» አጠገብ የሟቾቹን ስም በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ አኑሩ፤ ለፈለገው ሰው ስማቸው በመዝገብ አለ። ይህን ካላደረጋችሁ ግን በ1918 የተሸነፈን ጦር የፕሮፓጋንዳ ክፍል፣ ያለ ደመወዝ፣ እስከ ዛሬ እያገለገላችሁ ነው።