ማጀቢያ ነው ወይስ ድርሰት?

ለተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ለመምህሮቻችንም፤

የፊልም ክበባችን በዚህ ዓመት ሊሠራ ያሰበውን አጭር ፊልም የወጪ ዝርዝር ተመልክተነዋል። ለካሜራ ኪራይ ገንዘብ ተመድቧል፤ ለመብራት ተመድቧል፤ ለመጓጓዣና ለምሳ እንኳ ሳይቀር ተመድቧል። ለሙዚቃ ግን አንዲት ሳንቲም አልተመደበችም። ምክንያቱን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ማጀቢያው መጨረሻ ላይ ከኢንተርኔት ይፈለጋል» የሚል ነው። ጠቅላላ ጉባኤው ይህን ዝርዝር ከማጽደቁ በፊት የምንለው አለን፤ የምንለውም ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ቃሉን እንመርምር። «ማጀቢያ» የሚለው ስም «አጀበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። አጃቢ ማለት ጌታው በበቅሎ ሲሄድ ከኋላ ከኋላ የሚከተል፥ ጌታው ሲቆም የሚቆም፥ ጌታው ሲሮጥ የሚሮጥ ሰው ነው። አሳብ ቢኖረውም አይጠየቅም። እኛም የፊልምን ሙዚቃ በዚህ ስም ስንጠራው ማዕርጉን ከወዲሁ ቆርጠንለታል ማለት ነው፤ ፊልሙ ጌታ፥ ሙዚቃው ሎሌ!

የታወቁት የፊልም ሙዚቃ ደራሲዎች ሥራ ግን የሎሌ ሥራ አይደለም። ጣሊያናዊው ኤኒዮ ሞሪኮኔ እ.አ.አ. በ1968 ለወጣው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» ለተባለው የሰርጂዮ ሌዎኔ ፊልም ዋና ዋናዎቹን ዜማዎች የደረሳቸው ቀረጻው ሳይጀመር ነበር። ሙዚቃውም በቀረጻው ቦታ እየተሰማ ተዋናዮቹ በርሱ ልክ ተራመዱ፤ በርሱ ልክ ዞረው ተያዩ። እዚህ ላይ ማን ማንን አጀበ? እስቲ መልሱልን!

«የለም፥ ይህ ለባለጸጎች አገር ነው፤ ደግሞስ እኛ ለፊልም የሚሆን ሙዚቃ መቼ አጣን? ሙላቱ አስታጥቄ አለልን!» የሚሉ ወንድሞች አሉ። እኛም ሙላቱን ከሚወዱት ወገን ነን። ስለዚህም ነገሩን ከሥሩ እንየው። አሜሪካዊው ዲሬክተር ጂም ጃርሙሽ እ.አ.አ. በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የተባለውን ፊልም አወጣ፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት በካን የፊልም በዓል ግራን ፕሪ የተባለውን ሽልማት አገኘ። በፊልሙ ውስጥ ዊንስተን የሚባል ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት ለዋናው ባለታሪክ ለዶን የመንገድ ስንቅ እንዲሆነው የሙዚቃ ሲዲ ይሰጠዋል። ዶን በኪራይ መኪና የቀድሞ ወዳጆቹን ፍለጋ ሲዞርም እነ «የከርሞ ሰው» እና «የግሌ ትዝታ» አብረውት ይጓዛሉ። ያ ፊቱ የማይነበብ፥ አንደበቱ የታሰረ ሰው በልቡ ምን እንደሚመላለስ የምንሰማው ከሙላቱ ሙዚቃ ነው።

ይህ ለሙላቱ ክብር ነው፤ ለእኛም ደስታ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል! እነዚህ ሙዚቃዎች ለዚያ ፊልም ተብለው የተደረሱ አይደሉም። እ.አ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ከነበሩት ሥራዎች መካከል ተመርጠው በ1998 ፈረንሳይ አገር በታተመው በ«ኢትዮፒክ» 4ኛ ቅጽ እንደገና የወጡ ናቸው። ጃርሙሽ ጆሮ ያለው ሰው ስለሆነ ሰማቸው፤ መረጣቸው፤ በቦታቸው አገባቸው። ጥበቡ የመምረጥ ጥበብ ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ነገር እንዲሁ ነው። እ.አ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 በኢየሩሳሌም ያረፉት እኒህ መነኩሴ የመጀመሪያ የፒያኖ ሸክላቸውን ያስቀረጹት በ1967 ነው። ከ50 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ጋሬት ብራድሊ የተባለችው አሜሪካዊት ዲሬክተር በ2020 ባወጣችው «ታይም» በተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ያንን ፒያኖ አሰማችን። ፊልሙ የ60 ዓመት እስራት የተፈረደበትን ባሏን ለማስፈታት ዓመታት ሙሉ ስለታገለች ሴት የሚናገር ነው። እማሆይ ያቺን ሴት አያውቋትም ነበር። ቢሆንም ያ እየተንጠባጠበ የሚሄድ፥ ልኩን ለማንም የማያስገዛ ፒያኖ ለመጠበቅ የተሠራ ይመስል ከትዕግሥቷ ጋር ገጠመ።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። ከሱቅ የተመረጠ ልብስ አለ፤ በልክ የተሰፋ ልብስም አለ። ዓይን ያለው ሰው ከሱቅም ያማረ መርጦ ይለብሳል፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን የመረጡልን ሌሎች ናቸው! በሙላቱና በእማሆይ ሥራ ፊልማቸውን ያስዋቡት እነ ጃርሙሽ ናቸው፤ እኛ በፊልሞቻችን ምን አደረግንባቸው? የጎረቤት ልጅ ሠርግ ላይ የእኛ ጋቢ አምሮ ታየ ብለን በራሳችን ሠርግ ራቁታችንን እንቀመጥ ዘንድ ይገባልን?

በልክ የተሰፋው የትኛው ነው ብትሉን አንድ እንጠራለን። ኃይሌ ገሪማ እ.አ.አ. በ2008 ያወጣውን «ጤዛ»ን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በጀርመን አገር ተምሮ፥ አካሉ ጎድሎ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ታሪክ አልቅሰን አይተነዋል። ፊልሙ በቬኒስ ተሸለመ፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ታላቁን የፌስፓኮ ሽልማት ወሰደ ተብሎ በየጋዜጣው ተጽፏል። የሙዚቃውን ደራሲዎች ስም ግን ከመካከላችን ማን ያውቃል? የደረሱት ሳክስፎኒስቱ ጆርጋ መስፍንና አሜሪካዊው ፒያኒስት ቪጃይ አየር ናቸው። በዚያው በ2008 በካርታጎ የፊልም በዓል ለምርጥ ሙዚቃ የተሰጠውን ሽልማት አግኝተውበታል። ጆርጋ «ውዳሴ» የተባለውን የጃዝ ቡድን የመሠረተ ያገራችን ልጅ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው ለዚህ ነው።

በዚያ ፊልም የሙዚቃው ተግባር ምን እንደ ሆነ አስቡ። ታሪኩ ከገጠር ወደ አዲስ አበባ፥ ከአዲስ አበባ ወደ ጀርመን፥ ከዚያም ተመልሶ ወደ ገጠር ይዘላል፤ ዘመኑም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። አንበርብር ራሱ የሆነበትን ሁሉ ማስታወስ ያቅተዋል። እንዲህ ያለውን የተሰበረ ትዝታ የሚያያይዝ ክር ያስፈልጋል፤ ያም ክር በከፊል በጆሮ በኩል የሚገባ ነው። ይህንን ከኢንተርኔት ፈልጎ ማግኘት ይቻላልን? አይቻልም! ደራሲው ከዲሬክተሩ ጋር ተቀምጦ፥ ፊልሙን ደጋግሞ አይቶ፥ ሙዚቃው በየትኛው ሰከንድ እንዲገባ፥ በየትኛው እንዲወጣ፥ የት ላይ ዝም እንዲል መወሰን አለበት። ዝምታውም የርሱ ድርሰት ነው።

የሌላ አገር ሰው ለምን ደረሰ የምንል ጠባቦች እንዳንባል ይህን እንጨምር። በ2014 የወጣው «ድፍረት» ሙዚቃውን የሠሩለት ዴቪድ ሾመርና ዴቪድ ኤገር ናቸው፤ በ2015 በካን የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም ሙዚቃው የፈረንሳዊው የክሪስቶፍ ሻሶል ነው። ጥበብ ዘር አትጠይቅም፤ «ጤዛ»ም ራሱ የሁለት አገር ልጆች ሥራ ነው። የሚያሳዝነን የውጭ ሰው መጋበዙ ሳይሆን፥ እዚህ በቤታችን ለፊልም መድረስን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ወጣት የሚለማመድበት ቦታ መታጣቱ ነው።

ይህስ ከምን መጣ? ቴአትራችን ሲወለድ ሙዚቀኞቹ በቤቱ ውስጥ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፥ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፥ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፤ ነርሲስ ናልባንዲያንን የመሰለ የሙዚቃ መምህርም በዚያ ሠርቷል። ፊልማችን ግን ቤት አልባ ሆኖ ተወለደ። ከ1957ቱ «ሒሩት አባቷ ማነው?» ጀምሮ እያንዳንዱ ፊልም እንደ አዲስ ገንዘብ ለምኖ፥ ሰው ለቃቅሞ የሚሠራ ነው። ገንዘቡም የሚያልቀው በመጨረሻ ስለሆነ፥ በመጨረሻ የሚታሰበው ሙዚቃ ባዶ ኪስ ይጠብቀዋል። ክበባችን የያዘው መንገድም ይኸው ያረጀ መንገድ ነው፤ ታዲያ ዩኒቨርሲቲ ያሮጌ ስሕተት መቅጃ ነው ወይስ ማረሚያ?

«ድኾች ነን» ለሚሉን መልስ አለን። ሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ እ.አ.አ. በ1955 ያወጣውን «ፓተር ፓንቻሊ» የሠራው ገንዘብ እያለቀበት፥ እየቆመና እየቀጠለ ነው። ሆኖም ሙዚቃውን ለራቪ ሻንካር ሰጠ፤ ሻንካርም ጊዜ ስላልነበረው አብዛኛውን በአንድ ሌሊት ቀረጸው። ራይ ከ1961 ጀምሮ ደግሞ የፊልሞቹን ሙዚቃ ራሱ ይደርስ ጀመር። ማይልስ ዴቪስም በታኅሣሥ 1957 ፓሪስ ላይ ለሉዊ ማል ፊልም የሚሆነውን ሙዚቃ ሥዕሉ እየታየ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር በአንድ ሌሊት ተጫውቶ ጨረሰ። አንድ ሌሊት! ሰው፥ መሣሪያና አሳብ ከተገኘ አንድ ሌሊት ይበቃል። እኛ ያጣነው አሳቡን እንጂ ሌሊቱን አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ፊልም እንምጣ። ታሪኩ እዚሁ ሲኤምሲ ካንድ ግቢ በር ላይ ስለሚያድር፥ ከወሎ ስለመጣ የሌሊት ዘበኛ ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ እንደግፈዋለን። ግን ያ ዘበኛ ካፖርቱን ተከናንቦ ሲቀመጥ ከኢንተርኔት የወረደ የበረዶ አገር ቫዮሊን ከላዩ ቢፈስበት የማን ሐዘን ይሆናል? «እንግዲያው ዋሽንት እናግባለት» ቢባልም ነገሩ ገና አልተፈታም። ላዘነ ሁሉ ዋሽንት፥ ለናፈቀ ሁሉ ትዝታ ማልበስ ራሱ ስንፍና ነው። አምባሰልም ባቲም አንቺ ሆዬም አሉን፤ ከነዚህ የትኛው፥ በየትኛው መሣሪያ፥ ስንት ድምፅ ያህል ብቻ? ወይስ የመጨረሻው ባቡር ካለፈ በኋላ ያለው የመንገዱ ጸጥታ ይበቃል? ይህን የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ስሙ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ይባላል።

ሕጉንም አንርሳ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ከሌላ ፊልም ላይ ሙዚቃ ቆርጦ መለጠፍ እንግዲህ ዘዴ ሳይሆን የሰው ንብረት መውሰድ ነው። ስለ ፍትሕና ስለ መልካም አስተዳደር የምንማር ተማሪዎች ይህን ብናደርግ በየትኛው አፋችን ነገ ሌላውን እንወቅሳለን?

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ጥያቄ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ለምሳ ከተመደበው ያላነሰ ገንዘብ ለሙዚቃ ድርሰት ይመደብ።

፪ኛ፤ ደራሲው ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ጽሑፉ ሲነበብ ጀምሮ ይጠራ። ከተማሪው መካከል ክራር፥ ማሲንቆ፥ ኪቦርድ የሚጫወት እንዳለ እናውቃለን፤ ከጎደለም የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሩቅ አይደለም።

፫ኛ፤ ከደራሲው ጋር በጽሑፍ ውል ይደረግ፤ ስሙም በማስታወቂያው ላይ ከዲሬክተሩ ስም ቀጥሎ፥ በእኩል ፊደል ይጻፍ።

ስለዚህ ስለ ሦስተኛው አንድ ቃል እንጨምር። የምንኖርበት ሰፈር ሲኤምሲ የተባለው ቤቶቹን በሠራው የጣሊያን ሥራ ተቋራጭ ምሕጻረ ስም ነው። ግንበኛው ሠርቶ ከሄደ በኋላ ስሙ ለሰፈሩ፥ ለመንገዱ፥ ለባቡር ጣቢያውም ቀርቷል፤ ታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ቀኑን ሙሉ ይጠራዋል። ድንጋይና ሲሚንቶ ያቆመ ስሙ እንዲህ ሲጠራ፥ ሁለት ሰዓት ሙሉ በጨለማ አስቀምጦ ያስለቀሰን የዜማ ባለቤት ስሙ የማይጠራበት ምክንያት ምንድን ነው?

ወንድሞችና እኅቶች! ጉባኤው ሲጠራ እንዳትቀሩ። እጃችሁን ከማውጣታችሁ በፊት «ጤዛ»ን አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። መምህሮቻችንም በክፍል ውስጥ ስለ ልብ ወለድና ስለ ቴአትር እንደምታስተምሩን ሁሉ ስለ ፊልም ሙዚቃም አንድ ሰዓት ስጡን። የጠየቅነው ትንሽ ነው፤ አንድ ፊልም፥ አንድ ደራሲ፥ አንድ ሌሊት።