ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ ማን ይጠይቃታል?

ፌስቱላ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የሽንት መፍሰስን ነው። በወሊድ ተጎድተው ሰገራ የሚያመልጣቸው እናቶች ግን ስማቸውም አይነሳም። ነገሩ ለባል ለመንገር ያሳፍራል፤ ለሐኪም ለመናገርም ይከብዳል። በሸዋ ቤንችም ሆነ በቴፒ ዙሪያ ቡና ሲደርስ ሰው የሚውለው ተሰብስቦ ነው። ይህ ችግር ያለባት ሴት ከለቀማውም፣ ከለቅሶውም፣ ከቡና ጠጡም መሸሽ ትጀምራለች።

ጉዳቱ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ጭንቅላት በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ ጨፍልቆ ደም ይከለክለዋል፤ ሥጋው ሲሞት ፌስቱላ የሚባለው ቀዳዳ ይከፈታል። ወይም ደግሞ ሕፃኑ ሲወጣ ፊንጢጣን የሚዘጋው ጡንቻ ይቀደዳል። ይህኛው ጤና ጣቢያ ለወለደችም አይቀርላትም፤ ውስጡ ሳይታይ ላዩ ብቻ ከተሰፋ ተደብቆ ይኖራል።

ሕክምናው አገር ውስጥ አለ። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የፌስቱላ ሆስፒታል ዛሬ በክልሎችም ማዕከላት አሉት። ከእነዚህ አንዱ መቱ ነው፤ ከሚዛን ለምትነሳ እናት በማሻና በጎሬ በኩል ይደረሳል።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የተቀደደ ጡንቻ ሲሰፋ ብዙ ሴቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሻላቸዋል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ውጤቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣ የለንደን ጥናት ቢያንስ ከ5 ዓመት በፊት የተሰፋላቸውን እናቶች ጠይቆ ነበር፤ ብዙዎቹ መሻሻላቸውን ቢናገሩም፣ ሰገራንም ጋዝንም ሙሉ በሙሉ የሚቆጣጠር አንድም አልተገኘም። በምጥ የተጎዳ ነርቭ በስፌት አይመለስም፤ ጡንቻውም ከዕድሜ ጋር ይደክማል፤ ቀጣይ ወሊድ ደግሞ የተጠገነውን ዳግም ሊጎዳ ይችላል።

ይህን የምጽፈው እናቶች ከሕክምና እንዲቀሩ አይደለም። መሻሻሉ ራሱ ሰው መሃል የሚመልስ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከአልጋ የተነሳችበትን ቀን የመዳኛ ቀን ብለን መዝገቧን ከዘጋን፣ ከዓመታት በኋላ ችግሩ ሲመለስባት ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል፤ ደግማ ለመምጣትም ታፍራለች።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አዋላጆች ከእያንዳንዱ ወሊድ በኋላ፣ ከመስፋታቸው በፊት፣ ፊንጢጣን በጣት ይመርምሩ፤ በዚያው ሰዓት የተገኘ ቅዳድ በባለሙያ እጅ ይጠገን። የተጠገነች እናት ዳግም ስታረግዝ ከወሊዱ አስቀድሞ ወደ እናቶች ማቆያ ገብታ በሆስፒታል ትውለድ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ስትዞር «ሰገራ ወይም ጋዝ ያመልጥሻል ወይ?» ብላ ለብቻዋ ትጠይቃት፤ በ1ኛው ዓመት ብቻ ሳይሆን በ5ኛውም በ10ኛውም። ተቅማጥን ማከም፣ አመጋገብን ማስተካከልና ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ማስተማር ያለ ቢላዋም ብዙ ይረዳል። ይህን እርዳታ ማግኘት የምትችለው ግን ቀድሞ የጠየቃት ሰው ካለ ነው።