ሌባ ሻይ በሲኒማ ቢታይ

በአውሮፓና በአሜሪካ ሌባ የማሳደድን ታሪክ በሲኒማ ማሳየት የቈየ ልማድ ነው። ከዚሁም ጋር የምሥራቅን አገር ምሥጢር የሚቀላቅሉ አሉ፤ ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥና ከዝምታው ሲነሣ የጠፋው ዕንቊ የት እንደ ተደበቀ ይናገራል። ሕንድን ያላየ ሰውም የሕንድ ሊቃውንት ሥራቸው ይኸው ብቻ ይመስለዋል። በዚህ ነገር የሚቀልድ ፊልም በአገራችን ይሠራ ቢባል ግን ሽማግሌውን ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያሻም፤ እኛም ሌባ ሻይ የሚባል ነበረንና።

ሌባ ሻይ ምን እንደ ነበረ ለማያውቁት ልንገር። ንብረት የጠፋበት ሰው ለሌባ ሻዩ ያመለክታል። እርሱም አንድ ልጅ ወይም ሎሌ አቅርቦ መድኃኒት በወተት በጥብጦ ያጠጣዋል፤ ትምባሆም ያስጨሰዋል። ልጁ አእምሮው በታወከ ጊዜ በወገቡ ገመድ ታስሮ፣ ገመዱን ጌታው ይዞት፣ በእጁና በእግሩ እየዳኸ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ገብቶ የተኛበትም ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ከ1831 እስከ 1834 ዓ.ም. በሸዋ በተቀመጠበት ጊዜ ይህን ሥርዓት በማስታወሻው ጽፎታል። ልማዱ ዛሬ ቀርቷል፤ ዕቃ ሲጠፋበት ግን በሌሊት ወደ አዋቂ ቤት የሚሄድ ሰው ገና አልታጣም።

እንግዲህ ፊልሙን እኔ በአሳቤ ሠርቼዋለሁ። ስፍራው ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ነው። የነፋስ መውጫ ነጋዴ አንዲት ደኅና በቅሎ ትጠፋበታለች። ከአዲስ አበባ አጉሊ መነጽር የያዘ መርማሪ ይመጣል፤ በዚያው ቀን ሌባ ሻዩም ልጁን እየጐተተ ይደርሳል። መርማሪው የልጁን የእጅና የእግር ዱካ በጥንቃቄ ለክቶ «ሌባው በአራት እግሩ የሚሄድ ነው» ብሎ በመዝገብ ያሰፍራል። ኋላም ሁለቱ ተስማምተው በዋሻ ወደሚኖሩ አንድ ባሕታዊ ይወጣሉ። ባሕታዊው ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አይተነፍሱም፤ ሌባ ሻዩ ዝምታውን እንደ ራእይ፣ መርማሪው እንደ ምስክርነት ቃል ይቀበሉታል። በአራተኛው ቀን አባ ጉንጫቸውን ይዘው ጥርሳቸውን እንዳመማቸው ይናገራሉ።

እስከዚህ ድረስ ተመልካቹ ይሣቅ። ከዚህ በኋላ ልጁ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ እስቴ ይወርድና ከአንዲት ባልቴት አልጋ ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ሙዚቃው ዝም እንዲል እወዳለሁ። ሴትዮዋ የበቅሎዪቱን ዋጋ ክፈዪ ተብላ ላሟ ትነዳለች፤ ሴት ልጅዋን ያጨው ወገን ሽማግሌ ልኮ ቃሉን ያፈርሳል። የፍርድ ቤት መዝገብ ስጽፍ የኖርሁ እንደ መሆኔ ይህ ክፍል ከሁሉ ይከብደኛል፤ ምስክርን ተከሳሹ መልሶ ሊጠይቀው ይችላል፣ በመድኃኒት የደነዘዘን ልጅ ግን ማን ምን ብሎ ይጠይቀዋል? አውጫጭኝ እንኳ ሕዝቡን ከእርሻው አግዶ የሚያስመርር ቢሆን፣ ወፍ የተባለው ነጋሪ ሰው ነበረ፤ ያየውን ይናገር ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ እንዲቈጠር ያዘዘው ለእንደዚህች ያለች ባልቴትም ነው።

አሜሪካዊው ቀልደኛ በስተር ኪተን በ1916 ዓ.ም. «ሸርሎክ ጁኒየር» የሚባል ፊልም አውጥቷል። በዚያ ፊልም አንድ ሰው የወጣቲቱን አባት ሰዓት ሰርቆ በመያዣ ካስቀመጠ በኋላ ደረሰኙን በወዳጅዋ ኪስ ይከተዋል። ወዳጅዋ የሲኒማ መኪና ሲያንቀሳቅስ እንቅልፍ ወስዶት ታላቅ መርማሪ የሆነ መስሎት ሲያልም፣ ወጣቲቱ በእግርዋ ወደ መያዣ ተቀባዩ ሄዳ ሰዓቱን ያመጣው ማን እንደ ሆነ ትጠይቃለች፤ ነገሩም ያልቃል። እኔም ይህን መንገድ ለባልቴቲቱ ልጅ ሰጥቻታለሁ። ልጅቱ ወደ ነጋዴው ሄዳ መርማሪውም ሌባ ሻዩም ያልጠየቁትን ትጠይቀዋለች፤ «ጌታዬ፣ በቅሎዪቱን ከወዴት ገዝተዋት ነበር?» ከስማዳ፣ ይላታል። ወገዳ ገበያ ወርዳ ስትጠያይቅ በቅሎዪቱ ገመድ በጥሳ ወደ ቀድሞ ጌታዋ ደጅ ተመልሳ ገብስ ስትበላ ታገኛታለች። ለካስ ሌባ የሚባል ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ፊልሙን የሚሠራ ሰው ቢገኝ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። የከተማ ሰው የጋይንትን ደብተራ ሲያነሣ ሥር መማስንና አስማትን ብቻ ያወራል፤ ጥምጥም ከጠመጠመው ከዚያ ከሲኒማው ሽማግሌ ጋር አንድ አድርጎ ያየዋል። በቤተ ልሔም የድጓ፣ በዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ትምህርት እንዳለ፣ ለዚህም ተማሪው ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ብዙ ዓመት እንደሚቀመጥ አያስበውም። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ አንድ የቆሎ ተማሪ ይኑር፤ ልጅቱ በወገዳ የሰማችውን ቃል እርሱ ይጻፍላት።

ብዙ ሠሪዎች ታሪኩን በቅሎዪቱ በተገኘችበት ይጨርሱት ይሆናል። የእኔ ግን ከዚያ ያልፋል። ላሟ ለባልቴቲቱ ስትመለስ ይታይ፤ የነዱአት ሰዎችም ራሳቸው እየነዱ ያምጧት። ልጁም በማግሥቱ ራሱን ይዞ ሲነቃ፣ በአጠገቡ የተቀመጠችውን ሴትዮ የማን ቤት እንደ ሆነ ይጠይቃት፤ እርስዋም መልስ ከመስጠትዋ በፊት ውሃ ታጠጣው።