ስለ ካሚዮን የፊት መብራት

ያረጀ ካሚዮን መብራቱ ሲደክም ባለቤቱ የሚከሰው አምፖሉን ነው፤ ሻጩም ይህን ክስ ይወድዳል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ በደለኛው ሽቦው ነው። ኃይሉ ከባትሪ ተነሥቶ በቀጭን ሽቦ እስከ ማብሪያው፥ ከዚያም እስከ ፊት ሲዞር በመንገድ ይባክናልና። ከ12 ቮልት 1.2 ያህሉ ቢጐድል፥ ባለ ክሩ አምፖል ከብርሃኑ ሲሶ ያህል ያጣል። በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሕፃን ነጂው ዘግይቶ ያየዋል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ሪሌ የሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። እርሱም እንደ እልፍኝ አጋፋሪ፥ ከማብሪያው ጥቂት ትእዛዝ ተቀብሎ ከባትሪ በቀጥታ ለመጣው ብዙ ኃይል በሩን ይከፍታል። 86 የተባለው እግሩ ከማብሪያው፥ 85 ከመኪናው ብረት ይታሰራል፤ 30 ከባትሪ፥ 87 ከመብራቱ ጋራ በወፍራም ሽቦ ይገናኛል። ለረጅሙና ለአጭሩ መብራት ሪሌው ለየብቻ ነው። ፊውዙ በባትሪው አጠገብ ይሁን፤ ርቆ የተቀመጠ እንደ ሆነ ሽቦው ተልጦ ብረት ሲነካ እሳት ይነሣል።