ሕግ በር አያንኳኳም

በእኛ ልማድ የሰው ሥራ ተዘርዝሮ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ከቀብር በኋላ ነው። የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ እንባ ይፈስሳል፣ ሥራው ግን ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ስለ የትነበርሽ ንጉሤ በሕይወት እያሉ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ከሌሎች ጋር ሆነው ያቋቋሙትና ለዓመታት የመሩት ማዕከል አንድ ነገር አሳይቷል፤ አካል ጉዳተኛን ከሥራ ጋር ማገናኘት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አዋጅ ብቻውን አይሠራውም፤ ርኅራኄም አይተካውም። እንደ ቤንች ሸኮና ሸካ ያለው የቡና ምድር ደግሞ ይህን ሙያ አጥብቆ ይፈልገዋል።

የትነበርሽ የተወለዱት በ1974 ዓ.ም. ወሎ፣ አማራ ሳይንት ነው። በአምስት ዓመታቸው ዓይናቸውን አጡ። በአካባቢው ሴት ልጅ ነፍስ ሳታውቅ ትዳር ነበርና፣ ዓይነ ስውርነታቸው ከዚያ ዕጣ እንዳዳናቸው ራሳቸው ደጋግመው ተናግረዋል። ለጋብቻ አትሆንም የተባለችው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ተላከች፤ መጀመሪያ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዳግማዊ ምኒልክ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ለማጥናት። በ2005 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳትና ልማት ማዕከልን ከባልደረቦቻቸው ጋር መሠረቱ። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲያገኙ ስማቸው በዓለም ተሰማ። ስለ ሽልማቱ ብዙ ተብሏል። ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ግን ካሜራ የማይከተለው ሥራ ነው፤ አሠሪውን፣ ማሠልጠኛ ተቋሙንና ቤት የቀረውን ወጣት አንድ ቦታ ማገናኘት።

አገራችን ሕግ አላጣችም። በ1963 ዓ.ም. በትዕዛዝ ቁጥር 70 የአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ድርጅት ተመሠረተ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 101 ወጣ፤ ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ ተለይቶ እንዲያዝ የሚያደርግ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በመግቢያው ያንን አካሄድ ይነቅፋል፤ ቦታ ለይቶ መያዙ አካል ጉዳተኛ ተወዳድሮ በችሎታው መሥራት እንደማይችል አስመስሏል ይላል። በዚህ አዋጅ መሠረት አሠሪው የሥራ ቦታውን ማመቻቸት፣ ሲያስፈልግም ረዳት መመደብ አለበት። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ ቢኖር የማስረዳት ሸክሙ በአሠሪው ትከሻ ላይ ያርፋል። ይህ ቀላል ድንጋጌ አይደለም።

ይሁንና ሊከስ የሚችለው ቢያንስ ለሥራው ያመለከተ ሰው ነው። ማስታወቂያ ሰሌዳው ድረስ መድረስ ያልቻለው፣ መስማት ስለተሳነው ወሬው ያልደረሰው፣ ቤተሰቡ "የትም አትሂድ፣ እኛ እያለን" ብሎ ያስቀረው ወጣት ፍርድ ቤት ደጃፍ አይታይም። እነዚህን ሰዎች ቤታቸው ሄዶ የሚፈልጋቸው ሰው ያስፈልጋል። ያው ሰው ከአሠሪው ዘንድም ሄዶ ስለ ሥራው በዝርዝር መጠየቅ አለበት። ምን ይነሣል? ምን ይታያል? ምን ይሰማል? የትኛው ክፍል በሌላ መንገድ ሊሠራ ይችላል? ከቅጥሩ በኋላም ተመልሶ ካልጠየቀ፣ በመጀመሪያው ወር የተፈጠረች ትንሽ አለመግባባት ሠራተኛውን ወደ ቤቱ ትመልሰዋለች።

በቡናው ምድር ይህ ምን እንደሚመስል እንመልከት። ከሚዛን አማን ወደ በበቃ፣ በሸይ ቤንች፣ እስከ ቴፒ ድረስ መኸር ሲደርስ እጅ ይፈለጋል። እሸት ቡና በመፈልፈያው ካለፈና ከታጠበ በኋላ በእንጨት ምሰሶ ላይ በተወጠረ የማስጫ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሠራተኞች አልጋውን ከብበው የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ በነፍሳት የተበላውን እየለቀሙ ያወጣሉ። ዓይንና ጣት ያለው ሰው ይሠራዋል፤ መስማት አይጠይቅም፣ መራመድም እምብዛም አይጠይቅም። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው የአንዱን አልጋ ምሰሶ ዝቅ ማድረግ ለአናጢ ከባድ ሥራ አይደለም። ዓይነ ስውር ሰው ጆንያ በዳሰሳ ይሰፋል፤ የተማረው ደግሞ ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ስልክ መዝገብ ይይዛል። አስቸጋሪው ነገር ያለው ከቡናው ውጭ ነው። ከበሩ እስከ አልጋው ያለው መንገድ ዝናብ በማይጠግበው በዚያ አገር ጭቃ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ አለው፤ ተቆጣጣሪው ክራንች ሲያይ ፊቱን ያዞራል። እነዚህን ሦስቱንም አስቀድሞ አይቶ የሚነጋገር ባለሙያ ካለ ሥራው ይሆናል፤ ከሌለ አዋጁ ወረቀት ላይ ይቀራል።

"ለሌላው ወጣት እንኳ ሥራ ጠፍቶ" የሚል መልስ በየቢሮው ይሰማል። አባባሉ ከሥራ አጡ ብዛት አንጻር እውነት አለው፤ ለመኸር ግን አይሠራም። ትልልቆቹ እርሻዎች ቃሚ ከሩቅ አካባቢ እያስመጡ፣ እዚያው ቀበሌ ውስጥ መልቀም የሚችል ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ቤት ይውላል። ይህ የሥራ እጥረት አይደለም፤ የአገናኝ እጥረት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለወረዳ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለቡና ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና ለእርሻዎቹ ነው። ለዚህ ሥራ ብቻ የሠለጠነ አንድ ሰው ይመደብ፤ የምልክት ቋንቋ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ሥራ ፈላጊውን በየቀበሌው የሚመዘግበው፣ ከመፈልፈያ ጣቢያዎቹም ጋር ስለ አልጋውና ስለ መንገዱ የሚነጋገረው በክረምቱ መሆን አለበት፤ መኸሩ ከገባ በኋላ ማንም ተቆጣጣሪ ምሰሶ ለማስቆረጥ ጊዜ የለውም።